ከቀደሙት ሥዓሊያን እየነደፉ ስለ መማር፦ ለተነሣው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

«የታላላቅ ሥዓሊያንን ሥራ ከስልክ ላይ እያየሁ ንድፍ ብሠራ ይጠቅመኛል ወይስ ኮራጅ ሆኜ እቀራለሁ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦ በእኔ ልምድ በእጅጉ ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን ሥዕሉን እንዳለ ለመገልበጥ ሲጣደፉ ሳይሆን ከሥዕሉ አንድ ነገር ብቻ ለይተው ሲፈልጉ ነው።

ለዚህ ከሆላንዳዊው ሥዓሊ ከሬምብራንት የተሻለ ምስክር አላውቅም። ከእሱ በፊት የነበረው ጣሊያናዊ ሥዓሊ ራፋኤል የሣለው የባልዳሳሬ ካስቲሊዮኔ (የጣሊያን ባለሟልና ጸሐፊ) ምስል እ.ኤ.አ. በ1639 አምስተርዳም ውስጥ በጨረታ ሲሸጥ፣ ሬምብራንት በብዕር ፈጠን ብሎ ነደፈውና የማን ሥራ እንደ ሆነና በ3,500 ጊልደር (የጊዜው የሆላንድ ገንዘብ) መሸጡን እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ዛሬ ቪየና በሚገኘው አልበርቲና ሙዚየም ያለውን ይህን ንድፍ ልብ ብለው ቢመለከቱት፣ ራፋኤል የተጠበበበት የልብሱ ልስላሴ ከነጭራሹ የለም፤ ያለው የሰውነቱ አዟዟርና የባርኔጣው ቅርጽ ነው፤ ባርኔጣውንም ቢሆን ከዋናው ይልቅ ዘንበል አድርጎታል። ከዚህ ተነሥቶ በዚያው ዓመት ክንዱን በድንጋይ መደገፊያ ላይ አሳርፎ የራሱን ምስል በመዳብ ላይ ቀርጾ አተመ፤ በ1640 ደግሞ ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ የሚታየውን የራሱን ምስል በዘይት ቀለም ሣለ። (የክንዱ አቀማመጥ የሌላው ጣሊያናዊ ሥዓሊ የቲሺያን ነው፤ ከአንድ መምህር ብቻ አልተበደረም።) ሬምብራንት ጣሊያንን ረግጦ አያውቅም፤ የሊዮናርዶን «የመጨረሻው እራት» እንኳ በቀይ ጠመኔ የነደፈው ከኅትመት ላይ አይቶ ነው። ስለዚህ ሙዚየም አለመኖሩ አያስጨንቅዎት።

የስልክ ችግሩ ሌላ ነው፤ ምስሉን እያጎሉ ሽፋሽፍት ወደ መቁጠር ይወስዳል። እኔ ምስሉን ሳላጎላ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ብርሃኑን፣ መካከለኛውንና ጥላውን በሦስት ደረጃ ብቻ በከሰል አስቀምጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ፊት አልሠራም። ቀጥሎ ስልኩን አጥፍቼ ያንኑ ከትዝታዬ እነድፋለሁ፤ ሁለቱን ሳስተያይ ያላስተዋልኩት ቦታ ወዲያው ይታየኛል፣ ብዙውን ጊዜም ጥላው ከጀርባው ጨለማ ጋር የሚዋሐድበት ጠርዝ ነው። ከዚህ በኋላ ከቤተሰብ አንዱን በዚያው አቀማመጥ አስቀምጬ ከሕይወት እሥላለሁ፤ ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው እጁ ቢፈታም የራሱን ሥራ ለመጀመር ይቸገራል።

በየንድፉ ጥግ የዋናውን ሥዓሊ ስምና የሥዕሉን ርዕስ ይጻፉ፤ ወረቀቱ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ከማን እንደ ተማሩበት ይታወቃል።