ከአፍ ይፉጫል፣ ሕመሙ ግን ከጀርባ ነው

ጥያቄው የመጣው ዱባይ ከሚሠራና በእረፍት ቀኑ ፉጃይራ ባሕር ውስጥ ከሚጠልቅ አንባቢ ነው። ያገለገለ ሬጉሌተር፣ ማለትም ጠላቂ ከሲሊንደሩ አየር የሚስብበትን መሣሪያ፣ ገዝቷል። ሲሊንደሩን ሲከፍት ጸጥ ይላል። ሦስት አራት ደቂቃ ቆይቶ ከአፍ መያዣው «ስስስ» ማለት ይጀምራል። አንዴ ሲስብበት ያቆማል፣ ከዚያ ይመለሳል። አንድ የሚያውቀው ሰው በካቻቢቴ አጥብቆለት ሁለት ቀን ዝም ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን 18 ሜትር ላይ መተንፈሱ ከበደው፣ ፉጨቱም ተመለሰ። «አፍ ላይ ያለውን ጎማ ልቀይረው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትቀይር። እስኪታይ ድረስም ይዘኸው ውሃ አትግባ።

እኔን የያዘኝ «ቆይቶ» ያልካት ቃል ናት። የአፉ ጎማ፣ በአፍህ ክፍል ውስጥ አየሩን የሚዘጋው፣ ቢሆን ኖሮ ሲሊንደሩን እንደከፈትክ ይፉጭ ነበር። ቆይቶ የሚጀምር፣ ስትስብበት የሚያቆም፣ ከዚያ የሚመለስ ፉጨት በእኔ ልምድ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከፈርስት ስቴጅ ነው። ከጀርባህ፣ ሲሊንደሩ ላይ ከሚታሰረው ማለቴ ነው። እዚያ ውስጥ አየሩን የምትዘጋ ትንሽ የፕላስቲክ መቀመጫ አለች። እሷ ተበልታለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህችን ነገር በደንብ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ከገባችህ ማንም በካቻቢቴ አያታልልህም። አገር ቤት ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስበው። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ኳስ ወደ ላይ ትነሳና ቧንቧውን ትዘጋለች። ውሃ ስትቀዳ ኳሷ ትወርዳለች፣ ቧንቧው ይከፈታል። ሬጉሌተርህም እንዲሁ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ 200 ባር ግፊት አለ። ፈርስት ስቴጁ ይህን ወደ 9 ወይም 10 ባር ያወርድና ቱቦው ሲሞላ ራሱን ይዘጋል። ስትስብ ቱቦው ይጎድላል፣ ይከፈታል። አሁን የሮቶው ኳስ የምትዘጋበት ላስቲክ ተበላ እንበል። ኳሷ ተነስታም ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ወዲያው አታየውም። ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠብና ጠዋት በትርፍ ማስወጫው ቱቦ ግቢው ውስጥ ይፈሳል። የአፍህ ክፍል ያ ትርፍ ማስወጫ ነው። ግፊቱ ቀስ እያለ 11፣ 12 ባር ሲደርስ የአፍህ ክፍል ሞላ (ስፕሪንግ) መቋቋም ያቅተዋል፣ ይከፈታል፣ ይፉጫል። አንዴ ስትስብ ቱቦው ስለሚጎድል ጸጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ይሞላል። አየህ? የሚፉጨው ክፍል ሥራውን እየሠራ ነው፣ ቱቦህ እንዳይፈነዳ ትርፉን እያስወጣልህ።

ያ ወዳጅህ ያደረገው የሮቶውን ትርፍ ማስወጫ በጨርቅ መወተፍ ነው። ይህን ጥገና ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ። ብሎኑን ሲያጠብቀው የብረቱ አፍ የሰከንድ ስቴጁን፣ ማለትም የአፉን ክፍል፣ ጎማ ጨምድዶ ይይዘዋል። ፉጨቱ ለሁለት ቀን ይጠፋል፣ መተንፈስ ይከብዳል፣ ጎማው ላይም ቦይ ይቆፈራል። አንድ ብልሽት የነበረው አሁን ሁለት ሆነ።

ግምቴን ራስህ አረጋግጥ። የመጥለቂያ ጃኬትህን አየር ከሚሞላው ቱቦ ጫፍ ላይ የሚሰካ የመካከለኛ ግፊት ጌጅ ግዛ፣ ውድ አይደለም። ሙሉ ሲሊንደር እሰር፣ ጌጁን ሰካ፣ ቫልቩን ቀስ ብለህ ክፈት። የአፉ ክፍል ፊት ላይ ያለውን አየር ማስወጫ ቁልፍ አሥር ጊዜ ያህል ተጭነህ ልቀቅ፣ ከዚያ እጅህን ሰብስብና መርፌውን እይ። ደህና ሬጉሌተር አምራቹ ባስቀመጠው ቁጥር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አምስት ደቂቃ ብትጠብቅም አይነቃነቅም። ያንተ ቀስ እያለ ከወጣ መቀመጫዋ ናት። መርፌው ቆሞ ሳለ ከፉጨ ግምቴ ስህተት ነው፣ የአፉ ጎማ ይሆናል። 12ን ካለፈ ቫልቩን ዝጋና አየሩን በቁልፉ አስወጣ።

እግረ መንገድህን አየሩ የሚገባበትን ማጣሪያ እይ። አረንጓዴ ከሆነ የጨው ውሃ ገብቷል፣ ክዳኑን ሳይደርቅ የሚዘጋ ሰው ነበረው ማለት ነው። ቀይ ከሆነ ከብረት ሲሊንደር የመጣ ዝገት ነው። እዚህ እኔ ባለሁበት በእስራኤሏ ኤላት ባሕሩ በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው ስላለው አረንጓዴውን በየሳምንቱ አያለሁ።

ለጥገናው ሥልጠና ያለው ሰው ፈልግ፣ ግን የምትጠይቀውን አውቀህ ሂድ። መቀመጫዋ፣ ኦሪንጎቹ (አየር እንዳያመልጥ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች)፣ የአፉ ጎማ በአንድ ላይ ይቀየሩ። መጀመሪያ የፈርስት ስቴጁ ግፊት ይስተካከል፣ ከዚያ ብቻ ሰከንድ ስቴጁ። የወጣችውን መቀመጫ ስጠኝ በለውና በአጉሊ መነጽር እያት። ጠረጴዛ ላይ ከሻይ ብርጭቆ ስር እንደሚቀረው ክብ፣ ቀጭን ቀለበት ተቆርጦባት ታያለህ። የሚገጥማት የብረት አፍም ይታይ። ጭረት ካለበት አዲሷ መቀመጫ ወር አትቆይም። ርካሽ የመለዋወጫ ኪት አትቀበል። የሞዴልህን ኦሪጅናል ኪት ብቻ። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የተገዛ ኦሪንግ መጠኑ ቢገጥም ጥንካሬው ሌላ ነው። ቫዝሊን የቀባበትም ሰው አጋጥሞኛል። ኦክስጅን የተጨመረበት አየር ለሚጠቀም ሰው ይህ የእሳት አደጋ ነው።

አሁን ዋናው። ይህ ነገር ውሃ ውስጥ ታች ሆኖ አየሩን ሳያቋርጥ ቢለቅ ምን ታደርጋለህ? 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። 20 ሜትር ላይ በለቀቀ ሬጉሌተር ይህ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። አፍህን ገጥመህ አትዝጋበት። በከንፈርህ ጥግ ያዘው፣ ትርፉ በጎን ይውጣ፣ አንተ እየቀነስክ ሳብ። ለጓደኛህ ምልክት ስጥ፣ የእሱን ትርፍ መተንፈሻ ያዝ፣ አብራችሁ ውጡ፣ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳትፈጥኑ። ትንፋሽህን ግን አትያዝ። ከ10 ሜትር ሳንባህን ሞልተህ ዘግተህ ብትወጣ፣ ከውሃው በላይ ስትደርስ አየሩ እጥፍ ይሆናል፣ ሳንባ ይቀደዳል። ደንግጠህ ሬጉሌተሩ ከአፍህ ቢወጣ እንኳ «አአአ» እያልክ አረፋ አስወጣ።

ይህን ቁመትህ በሚደርስበት ገንዳ ውስጥ፣ ከአሰልጣኝ ጋር፣ የፊቱን ቁልፍ ተጭኖ ይዞልህ ደጋግመህ ተለማመድ። አየሩ ፊትህን ሲመታ መጀመሪያ ትደነግጣለህ፣ መነጽርህም ይንቀጠቀጣል። በአምስተኛው ሙከራ ይረጋጋልሃል። በእያንዳንዱ ሙከራ ወደ ላይ ስትነሳ፣ አሁንም እላለሁ፣ ትንፋሽ አትያዝ።

ጌጁን ስትሰካ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ያነበብከውን ቁጥር፣ የማጣሪያውንም ቀለም ጻፍልኝ።