ፋኑ አላርፍ ስላለ ላፕቶፕ፦ ጥያቄና መልስ

በፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ በመጠገን ሥራ ብዙ ዓመታት ስላሳለፍሁ፣ የማቀዝቀዣ ፋኑ ያለ ዕረፍት ስለሚሽከረከር ላፕቶፕ ማንም የፈለገውን እንዲጠይቀኝ፣ እኔም የማውቀውን እንድመልስ ተስማምተን ነበር። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ፣ የቀሩትን እንደ አመጣጣቸው አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ የምማር ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔን ገና ስከፍተው ፋኑ መጮህ ይጀምራል፤ እስክዘጋውም ድረስ አያርፍም። አዲስ ፋን ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። ዘወትር የሚሽከረከር ፋን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ ዋና አስሊ ክፍል፣ ሙቀት መለኪያ ያዘዘውን ይፈጽማል። የተበላሸ ፋን የሚንኳኳ፣ የሚፋጭ ወይም ጭራሹን የማይዞር ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እጅዎን ከአየር መውጫው ፊት ያድርጉ። ትኩስ አየር በኃይል የሚወጣ ከሆነ ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ሥራ በዝቶበታልና ምክንያቱን በሶፍትዌሩ በኩል ይፈልጉ። የላፕቶፑ ሆድ እየፈጀ ከመውጫው የሚመጣው አየር ግን ደካማ ከሆነ፣ መተላለፊያው በአቧራ ተደፍኗል። አየሩ በኃይል እየወጣ ቀዝቃዛ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ የፕሮሰሰሩን ሙቀት በመለኪያ ፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ እየጋለ አየሩ ከቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወስዶ ወደ ፋኑ ወደሚያደርሰው የመዳብ ቧንቧ አልተላለፈም ማለት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ፔስት የሚባለው፣ ደርቋል ወይም ብሎኑ ላልቷል። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ደግሞ ጉዳዩ የማስተካከያ ጉዳይ ነው። እኔም ደንበኛ ሲመጣ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት የማደርገው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ትኩስ አየር በኃይል ይወጣል፤ ነገር ግን ምንም የከፈትሁት ነገር የለም። ሥራ የበዛበት በምንድን ነው?

መልስ፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ከዚያም ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) በሚለው ዓምድ ራስ ላይ ጠቅ ቢያደርጉ ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ከላይ ይሰለፋል። ዊንዶውስ ገና ታድሶ ከሆነ ፋይሎችን የሚመዘግበው ክፍልና ጸረ ቫይረሱ ሰዓታት ሊፈጅባቸው ይችላል፤ ይህ በሽታ ስላልሆነ ቻርጀር ላይ ሰክተው ሥራቸውን እንዲጨርሱ ይተዉአቸው። ክሮም ላይ ሠላሳ ገጽ ከፍተው ከሆነ ደግሞ መልሱን ያውቁታል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ የሚዞሩ፣ ፈቃዳቸው የተሰበረ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ በስውር ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ፕሮግራም ይዘው ይመጣሉ፤ ማለትም የእርስዎ መብራትና የእርስዎ ፕሮሰሰር ለማያውቁት ሰው ገንዘብ ያመርታሉ። ከእነዚህ መካከል ታስክ ማናጀር ሲከፈት ራሳቸውን የሚያቆሙ አሉ። ስለዚህ ታስክ ማናጀርን በከፈቱ ቁጥር ፋኑ ጸጥ እያለ፣ ሲዘጉት መልሶ የሚጮህ ከሆነ ይጠርጥሩ፤ በጸረ ቫይረስ ሙሉ ፍተሻ ያድርጉ፤ ካልጠራም ሰነዶችዎን ብቻ አስቀርተው ዊንዶውሱን እንደገና ይጫኑ።

ጥያቄ፦ የሙቀት መለኪያውን ጫንሁ፤ 62 ዲግሪ ይላል። ያስፈራል?

መልስ፦ አያስፈራም። ቀላል ሥራ ላይ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ ከባድ ሥራ ላይ እስከ 85 ድረስ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወሰናቸው 100 ዲግሪ ሲሆን፣ ወደዚያ ሲጠጉ እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ወደ ወሰኑ የተጠጋ ፕሮሰሰር ከፈላ ጀበና በላይ ግሎ እየሠራ ነው ማለት ነው። ምንም ሳይሠሩ ከ70 በላይ ካዩ ግን ወደ አቧራው ወይም ወደ ፔስቱ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ላፕቶፑን ከውጭ አገር ሲያመጣው ድምፅ አልነበረውም። እዚህ ግን ይጮኻል። የከተማችን ከፍታ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው። መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት አንድ ቢሆንም በውስጡ ያለው አየር ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመውም ሙቀት ያንሳል፤ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት በፍጥነት መዞር ግድ ይሆንበታል። በሌላ በኩል የከተማችን አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ይክሰዋል። ብዙ አምራቾች ላፕቶፖቻቸው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንዲሠሩ አድርገው ስለሚያዘጋጁአቸው ከፍታው ብቻውን ላፕቶፕ አይገድልም። በፒያሳና በካዛንቺስ ቤት ሲፈርስና መንገድ ሲቆፈር በነበረበት ጊዜ ወደ እኔ የመጡት ላፕቶፖች ሆዳቸው ሲከፈት እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ነበሩ፤ የወንድምዎን ላፕቶፕ ሲያስከፍቱ እኔ የምጠብቀው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ በኮምፕሬሰሩ ቢነፋልኝ አይጠራም? ጎረቤቴ አስነፍቶ ተሽሎታል።

መልስ፦ አደራ፣ አያስነፉት። ያ ኮምፕሬሰር ለመኪና ጎማ የተዘጋጀ ጉልበት አለው፤ ከጋኑም የተጠራቀመ ውኃና የዘይት ጭጋግ ይዞ ይወጣል። ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ስለሚያሽከረክረው ኩሽኔታው ይጎዳል፤ በኃይል የዞረ ፋንም እንደ ትንሽ ዲናሞ ወደ ቦርዱ ኤሌክትሪክ ሊልክ ይችላል። የጎረቤትዎ ላፕቶፕ ተርፎ ይሆናል፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት ግን ያልተረፉት ናቸው።

ደግሞም አቧራው ያለው በውጭ በሚታየው ወንፊት ላይ ብቻ አይደለም። በፋኑና ሙቀት በሚያስወጡት ቀጫጭን የብረት ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተነጥፎ ይገኛል፤ ከውጭ ሲነፉት ተመልሶ ፋኑ ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ የታችኛው ክዳን መከፈት አለበት። ላፕቶፑን ፈጽመው ያጥፉ፤ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ስለው እያንዳንዱን በቦታው ያስቀምጡ። ክዳኑ እንደ ተነሣ ከሁሉ አስቀድመው የባትሪውን ሶኬት ይንቀሉ። ከዚያ የፋኑን ክንፎች በጥርስ መፋቂያ እንጨት ወይም በጣትዎ እንዳይዞሩ ይዘው፣ ያንን የአቧራ ንጣፍ በወረንጦ ያንሡ፤ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ከሰልና ዕጣን በሚጨስበት ቤት የኖረ ላፕቶፕ አቧራው ቅባት ስለሚይዝ ብሩሽ ብቻ አያስለቅቀውም፤ አልኮል የነካ ብሩሽ ይጠቀሙ። በመሐል ከተማ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሩ ወደ መንገድ ለሚከፈት ሱቅ ሁለት ጊዜ ማጽዳት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም። ሴት ልጄ ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆና ስትጽፍ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ቀን ጠረጴዛ ላይ ግን ዝም ይላል። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እናቴ፣ ችግሩን አግኝተውታል። አየር የሚስበው ከሆዱ በኩል ስለሆነ ጋቢውና ፍራሹ አፍነውታል። ትሪ ወይም ጣውላ ከሥሩ ያድርጉላት፤ ጠረጴዛ ላይም ቢሆን ሁለት የሃይላንድ ክዳን ከኋላ በኩል ቢደገፍበት ይተነፍሳል።

ጥያቄ፦ ፔስት ስላጣሁ የጥርስ ሳሙና ቀባሁ፤ ለሁለት ቀን ደህና ነበር።

መልስ፦ ውኃው እስኪደርቅ ድረስ ነው። አሁኑኑ ያንሡት፤ በአልኮል በደንብ ይጥረጉት፤ ከዚያ የምስር ፍሬ የምታህል ተራ ግራጫ ፔስት ያድርጉ። ብዙ መቀባት አያቀዘቅዝም።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ኤችፒ ላፕቶፔ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ፋኑ በዝግታ ይዞራል፤ ቻርጀሩን ስነቅል ይቆማል።

መልስ፦ ይህ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው ካልሁት ወገን ነው። ሲያስነሡት ኤፍ 10 ተጭነው ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የላፕቶፑ መሠረታዊ ማስተካከያ፣ ወደ ባዮስ፣ ይግቡና «ፋን ኦልዌይስ ኦን» የሚለውን ያጥፉት፤ ቻርጀር ላይ እያለ ፋኑ ሁልጊዜ እንዲዞር የሚያዝዘው እርሱ ነው። የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ ባዮሱ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ያስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ አቧራውም ፔስቱም ተጠናቋል፤ ጽሑፍ ብቻ ነው የምሠራው፤ ሆኖም አልፎ አልፎ በድንገት ይጮኻል።

መልስ፦ ፕሮሰሰሩ ለጥቂት ሰከንዶች ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ስለሚሮጥ ነው። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ ቢያወርዱት በአብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ይህ ሩጫ ይቀራል። ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱን አያስተውሉትም፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን አልመክረውም። ፋኑን ራሱን በሶፍትዌር አስገድዶ ማስቆም የሚባለውን ግን አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ፋኑ መጮህ ከጀመረ ወዲህ የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ተነሥቷል።

መልስ፦ ባትሪው አብጧል። ያጥፉት፤ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ አይጫኑት፤ አይብሱት፤ ዛሬውኑ ለባለሙያ ይስጡት። የፋኑ ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል።

ጥያቄ፦ ለጥገና ሰጥቼ ስወስድ በትክክል መጽዳቱን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ የወጣውን አቧራ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ እኔ ሳልጠየቅም አሳያለሁ። ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ሲሰጡትና ሲቀበሉት ይቁጠሩ። ከዚያም እዚያው ተቀምጠው ቪዲዮ ከፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል ያሠሩት፤ ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊትም እጅዎን እንደገና ከአየር መውጫው ፊት ያድርጉ።