መልስ፦ የዶትኢንቭ ፋይሉን ቀይሬም ፕሮግራሙ የድሮውን ዳታቤዝ ለምን ይከፍታል?

ፓይተን-ዶትኢንቭ (የፕሮግራሙ ቅንብሮች የሚጻፉበትን የዶትኢንቭ ፋይል የሚያነብ የፓይተን ላይብረሪ) በተመሳሳይ ስም አስቀድሞ የተመዘገበ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ ከሲስተሙ የሚቀበለው ቅንብር) ካገኘ፣ በፋይሉ ውስጥ የጻፉትን ትቶ የቀደመውን እንዳለ ያቆያል። በቱሉ ዲምቱ ላለው ሱቅ የሠሩት የሽያጭ ፕሮግራም አድራሻውን ከቀየሩለት በኋላም የሙከራውን ዳታቤዝ የሚከፍተው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ለማረጋገጥ፣ ፕሮግራሙን በሚያስነሱበት በዚያው ተርሚናል ላይ የቫሪያብሉን ስም በ«ኤኮ» ትእዛዝ ይጠይቁ። የድሮው አድራሻ ከወጣ፣ ተርሚናል ሲከፈት በሚነበበው የባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ፈልገው ያጥፉትና አዲስ ተርሚናል ከፍተው ፕሮግራሙን እንደገና ያስነሱ። ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ሲስተምዲ (በሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ከሆነ ግን መታየት ያለበት የሰርቪስ ፋይሉ ነው፤ እሱን ካስተካከሉ በኋላ ሲስተምዲ እንደገና እንዲያነበው ዴመን-ሪሎድ አድርገው ሰርቪሱን ሪስታርት ያድርጉ።

ፋይሉን የሚጭነውን «ሎድ_ዶትኢንቭ» ፈንክሽን ሲጠሩ «ኦቨርራይድ»ን «ትሩ» (እውነት) ማድረግም ይሠራል፤ ያኔ በፋይሉ ያለው የቀደመውን ይተካል። እኔ ግን በሰርቨር ላይ አልመርጠውም፤ ከላፕቶፕ ሳይታሰብ አብሮ የተገለበጠ ፋይል ትክክለኛውን ቅንብር ይሽርብዎታል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ከዚህ ፋይል የሚነበብ ሁሉ ጽሑፍ ነው። ከሌላ ሰው በተረከብኩት አንድ ፕሮግራም ላይ ዲበግ (የስህተት ዝርዝር እንዲታይ የሚያደርገው ቅንብር) «ፎልስ» (ሐሰት) ተብሎ ተጽፎ ሳለ፣ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር የኮዱ ዝርዝር ለደንበኛ ይታይ ነበር፤ ምክንያቱም «ቡል» የተባለው የፓይተን ፈንክሽን ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ ሁሉ፣ «ፎልስ» የሚለውን ጨምሮ፣ እንደ እውነት ይቆጥራል። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ትንንሽ ፊደላት ቀይረው «ትሩ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያነጻጽሩት፤ ወይም ይህን ልወጣ ራሱ የሚሠራውን ፓይዳንቲክ-ሴቲንግስ የተባለ ላይብረሪ ይጠቀሙ።