መልስ፦ የዳስ በዓል የመከር ነው ወይስ የምድረ በዳ መታሰቢያ?

ወንድሜ፣ «የአይሁድ የዳስ በዓል የመከር በዓል ከሆነ፣ ጎተራ በሞላበት ሰሞን ቤት ትቶ ዳስ ውስጥ መብላት ለምን አስፈለገ?» ላልከው፣ በዓሉ ሁለቱንም ነው፤ የመከርም የምድረ በዳ መታሰቢያም። ዘጸአት 23 የመክተቻ በዓል ይለዋል፤ እህሉ ከአውድማ፣ ወይኑ ከመጭመቂያ የሚገባበት ጊዜ ነው። ዘሌዋውያን 23 ደግሞ እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ በዳስ መቀመጣቸውን ያስታውሳል። ለእኔ የበዓሉ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ሰው በጠገበበት ሰሞን፣ ቤት ያልነበረበትን ዘመን እንዲያስብ ይታዘዛል።

በዓሉ የሚገባው በአይሁድ የቀን አቆጣጠር በቲሽሪ ወር በ15ኛው ቀን ነው። የዳሱ ዋና ነገር ጣሪያው ነው። ከመሬት በቅሎ የተቆረጠ ቅጠልና ቅርንጫፍ መሆን አለበት፤ ጥላው ከፀሐዩ ይብዛ እንጂ፣ ማታ ከዋክብት ቢታዩበት ይወደዳል። ሰባት ቀን እዚያ ይበላል፣ የቻለም ያድራል፤ ዝናቡ ምግቡን የሚያበላሽ ከሆነ ግን ወደ ቤት መግባት ይፈቀዳል። ትርንጎ፣ ለጋ የተምር ዘንባባ፣ አደስና አኻያ ይዘው እየወዘወዙ ያመሰግናሉ (በሰንበት ግን አይያዙም)። በስምንተኛው ቀን ስለ ዝናብ ይጸለያል፤ በእስራኤል አገር የዝናቡ ወቅት የሚገባው ያኔ ነውና። ቤተ እስራኤሎችም ኢትዮጵያ ሳሉ «በዓለ መጸለት» ብለው ያከብሩት ነበር።