ጭብጨባው የዘፈኑ ነው ወይስ የቴአትሩ?

በዚህ ዓምድ የአንባቢያንን የመድረክ ጥያቄዎች የሚመልሱት በደብረ ማርቆስ ለረጅም ዓመታት ከመጋረጃ ጀርባ የሠሩ አንጋፋ የቴአትር ሰው ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ አማተር የቴአትር ቡድን አዘጋጅ ነኝ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በካሴት ወጥተው ሰው ሁሉ በቃሉ የያዛቸውን 14 ዘፈኖች ሰብስበን ሙዚቃዊ ቴአትር ሠርተናል። ታሪኩ ካሴት ቤት ከፍታ ልጇን ስለምታሳድግ ሴት ነው። ከምረቃው በፊት ሦስት ምሽት ለሙከራ አሳየን። በመጀመሪያው ምሽት ተመልካቹ ከተዋንያኑ ጋር ስለዘፈነ የእነርሱ ድምፅ ጨርሶ አልተሰማም። በሁለተኛው፣ ሴትዮዋ የባሏን መርዶ ሰምታ የትዝታውን ዘፈን ስትጀምር አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ 100 ብር ግንባሯ ላይ ለጠፈ፤ አራት ሰዎች ተከተሉት። በዚያው ምሽት ዘጠነኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፍቶ ተመልካቹ በጨለማ ዘፈኑን ጨረሰው። በሦስተኛው ምሽት ደግሞ ኪቦርዱ የአንዱን ዘፈን መግቢያ ገና ሲነካ አዳራሹ ሳቀ። ጓደኞቼ «ሕዝቡ ወዶታል፣ ምንም አንነካም» ይላሉ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለምረቃው 12 ቀን ቀርቶናል። ምን ልለውጥ?
አዘጋጇ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለተኛውን ምሽት አይቼዋለሁ። ከበሩ አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠው ሽማግሌ እኔ ነበርሁ።

አይቼዋለሁ አልሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር ሰምቼዋለሁ ብል ይሻላል። እኔ 22 ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ቃል ሳቀብል የኖርሁ ሰው ነኝ። ተመልካችን በመልኩ አላውቀውም፤ በድምፁ ነው የማውቀው። ወንበር ሲንቋቋ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሰው ሲያስል ሰምቼ ትዕይንቱ የት ላይ እንደሞተ እነግርሽ ነበር። እርግጥ ከተማችን ደጋ ናትና ሳል ሁሉ ትችት አይደለም። ጉንፋን ጊዜ አይመርጥም፤ መሰልቸት ግን ቃለ ተውኔቱ እስኪረዝም ጠብቆ ነው የሚያስለው።

ከብሩ ልጀምር፤ ከሁሉ የከነከነኝ እርሱ ነውና። ሰውየውን ባለጌ አትበዪው። በአገራችን ዘፋኝ ይሸለማል፤ የማይሸለም ዘፋኝ እንደተናቀ ነው የሚቆጠረው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ዘፈን እጅ አጣጥፎ የሚሰማ ሰው ከየት ይመጣል? አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ከተቀመጠው ሰው መካከል የሆነ ሰው ነው። ዘፈኑ የሁለቱም ነው። ይህን ሕዝብ ትኬት አስቆርጠሽ ወንበር ላይ ስላስቀመጥሽው ብቻ ልማዱን በር ላይ አራግፎ አይገባም።

ነገር ግን ብሩ ለማን ነው የተለጠፈው? ባሏ ለሞተባት ሴት ነው ወይስ ድምፅዋ ላማረው ልጅ? እኔ የሰማሁትን ልንገርሽ። ሰውየው ሲወጣ እልልታ ተሰማ። ልጅቱ ፈገግ ብላ እጅ ነሣች። በዚያች ቅጽበት ሟቹ ባል ከመቃብር ተነሣ፤ መርዶው ተረሳ፤ መድረኩ የሰርግ ድንኳን ሆነ። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፣ የእሷም ብቻ አይደለም። ሸላሚ ቢመጣ ምን እንደምታደርግ ያልነገርሻት አንቺ ነሽ። አሁን ንገሪያት። ሐዘንተኛን በገንዘብ መደገፍም ልማዳችን አይደለም እንዴ? ብሩን በሁለት እጇ ከግንባሯ አንሥታ፣ ሳትስቅ፣ አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረውና ዘፈኑን ትቀጥል። ያን ጊዜ አምስቱም ሸላሚዎች ሳያውቁት ለቀስተኛ ይሆኑልሻል። ይህን እንኳን እኔ፣ ደራሲሽም አላሰበውም፤ ተመልካቹ ነው ያመጣው።

መብራት የጠፋ ጊዜ ኪቦርዱ ዝም ሲል ልጅቱ ሦስተኛውን አንጓ ረሳችው፤ እኔ በልማድ አፌን ከፈትሁ፣ ግን አዳራሹ ቀደመኝ። አንድ ቤት ሙሉ አስታዋሽ! ሴቶቹ ከፍ ባለው ድምፅ፣ ወንዶቹ በወፍራሙ፣ አንድም ቃል ሳያጎድሉ እስከ መጨረሻው አወጡት። እንባ መጣብኝ፤ አልደብቅሽም። ጓደኞችሽ «ወዶታል» የሚሉት ይህንን ይዘው ነው።

ቀጥሎ ግን መብራቱ መጣ። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ነው ብሎ እናቱን ይሰናበታል፤ የታሪኩ ወገብ እርሱ ነው። እኔ የሰማሁት የወንበር ድምፅ ነው። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ «ቀጥሎ ደግሞ የማን ዘፈን ይሆን?» አላት። «ልጁ ይሄድ ይሆን?» አላለም። የጥያቄሽ መልስ ይህ ነው። በዘፈኑ ጊዜ የሚጨበጨበው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ዘፈኑን ለደከሙበት ሰዎች፣ ደግሞም ሰውየው ዘፈኑን በሰማበት ጊዜ ለነበረበት ዕድሜ ነው። የአንቺ ድርሻ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ናት። እርሷ ስትነገር ጸጥታ ካለ ቴአትር አለሽ፤ ከሌለ ያለሽ ኮንሰርት ነው። በቀረው ልምምድ አንድ ሰው ከኋላ አስቀምጪና ያችን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያድምጥልሽ።

የሦስተኛውን ምሽት ሳቅ አልሰማሁትምና በግምት ነው የምመልሰው። በታወቀ ዘፈን መግቢያ ላይ የሚመጣ ሳቅ ሁለት ዓይነት ነው። ከ27 ዓመት በፊት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን ላይ «ማማ ሚያ!» የተባለው፣ አባ (ABBA) በሚባለው የስዊድን ባንድ ዘፈኖች የተሠራ ቴአትር ሲመረቅ፣ አንዲት ሙሽራ አባቷን ለማወቅ ሦስት ሰዎችን ሰርጓ ላይ ስለመጥራቷ የሚናገረው ታሪክ ከዘፈኖቹ በኋላ የተፈጠረ ነበር። እዚያ ሰው የሚስቀው «ይህ ዘፈን እዚህ ይገባል ብዬ መቼ አሰብሁ!» ብሎ ነው። ይህ የደስታ ሳቅ ነው፤ ራሱን በራሱ ያቋርጣል፤ ሰው ቀጥሎ ያለውን መስማት ስለሚፈልግ። ሁለተኛው የፌዝ ሳቅ ሲሆን እስከ ሁለተኛው ስንኝ ድረስ ይጎተታል። የትኛው እንደነበረ አንቺ ታውቂያለሽ። የፌዙ ከሆነ ከዘፈኑ በፊት ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንብቢ። ልጁ «መንገዴን ልጀምር» ብሎ ኪቦርዱ የመንገድ ዘፈን የሚያነሣ ከሆነ ተመልካቹ መምጣቱን ከሩቅ አይቶታልና መሳቁ ፍርድ ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር ሰርዢያት፤ ዘፈኑ ሳይጠራ ይግባ።

ስለ መጀመሪያው ምሽት፣ ማለትም አብሮ ስለመዝፈኑ፣ ከመጀመሪያ ዘፈናችሁ በቀር ማንንም አልከስም። መጋረጃው ሲከፈት ጭፈራ ነው! ሰው ለሰርግ የተጠራ መሰለው፤ ከዚያ በኋላ ዝም በል ቢሉት በምን ይሰማል? እ.ኤ.አ. በ1962 ስቴፈን ሶንደሃይም ዜማና ግጥም የሠራለት የጥንት ሮማውያን ቀልድ ዋሽንግተን ላይ ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ ድንጋይ ሆኖ ነበር ይባላል። አዘጋጁን ጀሮም ሮቢንስን ጠሩት። እርሱም የመክፈቻው ዘፈን ሰውን ለስላሳ የፍቅር ጨዋታ አስጠብቆታል፣ ችግሩ እርሱ ነው አላቸው። ሳቅ መሆኑን በግልጽ የሚያውጅ አዲስ መክፈቻ ተጻፈ፤ ያንኑ ቀልድ ሰው ይስቅበት ጀመር። የእናንተም ተመሳሳይ ነው፤ ጭፈራውን ወደ ሦስተኛ ቦታ ውሰጂው። መጋረጃው ሲከፈት ሴትዮዋ ብቻዋን፣ የተጠላለፈ የካሴት ክር በእስክሪብቶ ስትጠቀልል እንያት። በዕድሜ የገፋነው ሁላችን ያን ሥራ እናውቀዋለን፤ ዝም ብለን እናያለን። የመጨረሻውን ዘፈን ደግሞ ታሪኩ ካለቀ በኋላ፣ ተዋንያኑ እጅ ሲነሡ፣ ለሕዝቡ ስጡት። አብሮ መዝፈን እንደሚፈቀድለት የሚያውቅ ሰው እስከዚያ ይታገሣል። «ማማ ሚያ!»ም መጨረሻው ላይ ሰውን አስነሥቶ ያስዘፍናል።

ጓደኞችሽ ኩዊን የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ነገር ሰምተው ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን የተከፈተው የባንዱ ዘፈኖች ቴአትር በሐያስያን ተሰድቦ 12 ዓመት ታይቷል ይሉሻል። እውነት ነው። ነገር ግን ለንደን በየሳምንቱ አዲስ እንግዳ ያስገባል። የእኛ ከተማ ተመልካች አንድ ነው፤ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። ዘፈኑን ብቻ የፈለገ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ይሰማዋል። ተመልሶ የሚመጣውና ጎረቤቱን የሚያመጣው ልጁ እናቱን ትቶ መሄዱ ያስጨነቀው ሰው ነው።

እንቅልፍ ስለማጣትሽም፦ ኒውዮርክ ውስጥ የስፓይደርማን ሙዚቃዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. ከ2010 ኅዳር እስከ 2011 ሰኔ 182 ጊዜ ለሙከራ ታይቷል። አንቺ ሦስት ምሽት አሳየሽ። ተኚ። ጠዋት ተነሥተሽ መክፈቻውን፣ መርዶውንና ያችን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስተካክዪ፤ በ12 ቀን ሁሉን የሚለውጥ አዘጋጅ ተዋንያኑን ያሳብዳል፤ እኔም እንዲህ ያሉትን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ስደግፍ ጉሮሮዬ ነቅቷል።

ጥያቄ፦ ዘመድ ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ መጥቼ ያንን የካሴት ቤት ቴአትር አየሁ። በዘፈኖቹ ያገባሁ፣ የወለድሁ ሴት ነኝና ዘፈንሁ፣ አለቀስሁም። አጠገቤ የነበረ ወጣት «እማማ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ» አለኝ። አፍሬ ዝም አልሁ። ጥፋቱ የማን ነው?
ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ እትዬ፣ ልጁ በትሕትና ነው የተናገረው፤ አይቀየሙት። ለእርሱ ዘፈኑ አዲስ ነው፤ እርስዎ በልብዎ የሚያውቁትን ስንኝ እርሱ ከተዋናይዋ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሰማ ነው የመጣው። እርስዎም አላጠፉም፤ ዝም በሉ ያለዎት አልነበረም። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፦ ተዋናይ መድረክ ላይ ሆኖ የሚያለቅስ ሰው ይሰማል። ዘፈንዎ ሳይሆን ልቅሶዎ ነው ልጅቱን ያጸናት። በምረቃው ቀን ይምጡ፣ ያልቅሱ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ምክሬን ከሰሙኝ፣ ሁላችንም እንዘፍናለን። ያን ወጣት ካገኙት ግጥሙን ያስጠኑት።

ጥያቄ፦ እነዚህ ልጆች የሰው ዘፈን ከመሰብሰብ የራሳቸውን ለምን አይጽፉም? ይህ ስንፍና አይደለም? ደግሞስ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል?
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የመጀመሪያው ክፍል ቁጣ ነው፣ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ለቁጣህ፦ የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ለተውኔቶቹ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ያወጣ ነበር፤ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነውና። እንደ እርሱ የሚችል ይምጣ፣ ጋቢዬን አነጥፍለታለሁ። እንግሊዛዊው ጆን ጌይ ግን እ.ኤ.አ. በ1728 ሰው ሁሉ በየመንገዱ የሚያዜማቸውን ዜማዎች ሰብስቦ አዲስ ግጥም አለበሳቸውና 69 ዘፈን ያለው ቴአትር ሠራ፤ ስንፍና ያለው የለም። የታወቀ ዜማ ይዞ ተመልካች ታሪክ እንዲያደምጥ ማድረግ፣ ከላይ እንዳየኸው፣ ቀላል ሥራ አይደለም።

ለጥያቄህ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለሕዝብ በመድረክ ማቅረብን የባለመብቱ ሥልጣን ያደርገዋል፤ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ድምፃዊውን አግኝቶ «ዝፈኑ፣ ልጆቼ» ማስባል አይበቃም። የግጥሙም የዜማውም ባለቤት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከሞቱም ወራሾቻቸው አሉ። ግጥም መቀየር ካሰቡ ደግሞ ለእርሱም በተለይ መጠየቅ አለባቸው። ለ14 ዘፈን ይህ ብዙ ደጅ መጥናት ነው። አዘጋጇን አግኝቼ ጠይቄያታለሁ፤ የ11ዱን በጽሑፍ ይዛለች። ሦስቱ ቀርተዋታል፤ ካልተገኙ ከቴአትሩ እንድታወጣቸው ነግሬያታለሁ። አንደኛው ያ የጭፈራ ዘፈን ነው።