«ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ» ወይስ «ተመሠረተች»?

ጥያቄ፦ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለምትዘጋጅ መጽሔት ስለ በዓለ ሃምሳ ጽሑፍ አቅርቤ ነበር። አንዱ ዓረፍተ ነገሬ እንዲህ ይላል፤ «ከጌታ ትንሣኤ በኋላ በ50ኛው ቀን ቤተክርስቲያን ተመሠረተ፤ ሐዋርያቶችም ለሚሲዮን ወጡ።» አራሚው «ተመሠረተ» የሚለውን «ተመሠረተች» አደረገው፤ «ቤተክርስቲያን»ን ለሁለት ከፈለው፤ «ሐዋርያቶች»ንና «ሚሲዮን»ንም ሰረዘብኝ። እኛ «ቤቱ ፈረሰ» እንላለን እንጂ «ቤቷ ፈረሰች» አንልም። ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ከምን መጥታ ሴት ሆነች? ከሁለታችን ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ አራሚዎ ትክክል ነው፤ በአራቱም። ሆኖም ከአራቱ በአንዱ ላይ ማስረጃው ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስደርስበት እናገራለሁ።

ከጾታው ልጀምር። ጥያቄዎ የቆመው «ቤት» ሲባል ግድግዳና ጣሪያ ነው በሚል ግምት ላይ ነው። በግእዝ ግን ቤት ሕንፃም ነው፣ ወገንም ነው። ቤተ ዳዊት ስንል የዳዊትን አዳራሽ አይደለም የምናስበው፤ ዘሩን ነው። ቤተ ያዕቆብ፣ ቤተ እስራኤልም እንዲሁ። አማርኛችንም ይህን አልረሳም፤ ቤተ ዘመድ ጣሪያ የለውም፣ ቤተሰብም የጭቃ ግድግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በዚህ መስመር የተሰለፈ ስም ነው፤ የክርስቲያን ወገን፣ የክርስቲያን ቤተሰብ ማለት ነው። «ክርስቲያን» የሚለው በግእዝ ለአንድም ለብዙም ማገልገሉ ይህን ንባብ ያጠነክረዋል።

ቃሉ በወንጌል የመጀመሪያ ቦታው ማቴዎስ 16፥18 ነው። ግእዙ «ወዲበ ዛቲ ኰኵሕ አሐንጻ ለቤተ ክርስቲያንየ» ይላል። «አሐንጻ» በሚለው ግስ መጨረሻ ያለችውን ተሳቢ ልብ ይበሉ፤ «እሠራታለሁ» እንጂ «እሠራዋለሁ» አይደለም። ቀጥሎ የሲኦል ደጆች «ኢይኄይልዋ» ይላል፤ አይችሏትም። በጸሎተ ሃይማኖትም «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት» እንላለን። አሐቲ፣ ቅድስት፣ እንተ፤ ሦስቱም የአንስታይ፣ ማለትም የሴት ጾታ ቃላት ናቸው። ወደ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሲመጡ ደግሞ ማቴዎስ 18፥17ን ይመልከቱ፤ የበደለህ ወንድም ምክርህን ካልሰማ «ለቤተ ክርስቲያን ንገራት» ይላል። ንገራት! ግድግዳ አይነገረውም። የሚሰማ ጆሮ ያለው ሕዝቡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ በጽሑፍም በቃልም ገጥሞኛል። «አንስታይ ጾታው ከግሪኩ የተቀዳ ነው፤ ኤክሌሲያ በግሪክ ሴት ስለሆነች ተርጓሚዎቹ ጾታዋን ይዘው መጡ፤ በግእዝማ የግዑዛን ጾታ እንደ አገባቡ የሚለዋወጥ ነው» ይላሉ። ስለ ግእዝ የተባለው እውነት ነው። ስለ ግሪኩም ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ ማስተባበያ የለኝም። ግን ጳውሎስ በኤፌሶን 5፥25 ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት ለባሎች ሲነግራቸው እያነበብኩ፣ ይህችን ሙሽራ «ተመሠረተ» ብዬ ለመጻፍ እጄ አይታዘዘኝም። የሰዋስው ክርክሩ ቢረታኝ እንኳ በዚህ እጸናለሁ።

እነዚሁ ወገኖች ከዚህ የከበደ ክስም አላቸው። ኤክሌሲያ «ጉባኤ» ማለት ነው፤ «ጠራ» ከሚል የግሪክ ግስ የመጣ፣ ተጠርቶ የወጣ ሕዝብ ስብሰባ ነው። ስለዚህ የአክሱም ዘመን ተርጓሚዎች «ቤት» የሚል ቃል በመጨመር ሕዝቡን ወደ ሕንፃ ለወጡት፤ «ጉባኤ» ወይም «ማኅበረ ምእመናን» ማለት ነበረባቸው ይላሉ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ተርጓሚዎቹ ቤትን በወገንነት ትርጉሙ እንደ ወሰዱት የሚያሳየው ራሱ የሐዋርያት ሥራ ነው። በምዕራፍ 8 ቁጥር 3 አማርኛው «ሳውል ግን ቤተ ክርስቲያንን ያፈርስ ነበር» ይላል። ይህን በመዶሻና በዶማ ያነበበ ሰው ይሳሳታል። በኢየሩሳሌም በዚያ ጊዜ የሚፈርስ የክርስቲያን ሕንፃ አልነበረም። ያው ጥቅስ ሲቀጥል ሳውል ያፈረሰው እንዴት እንደ ነበር ይነግረናል፤ ወደየቤቱ እየገባ ወንዶችንም ሴቶችንም እየጎተተ ወደ ወኅኒ ይሰጥ ነበር። የፈረሰው ወገን ነው፤ ቤቶቹማ የገዛ መኖሪያዎቻቸው ነበሩ። ያው ሳውል፣ ጳውሎስ ተብሎ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ሮም ሲጽፍ ለጵርስቅላና ለአቂላ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ በቤታቸው ላለችው ቤተ ክርስቲያንም ሰላምታ ይልካል። ሕንፃ ቢሆን ኖሮ ቤት በቤት ውስጥ ሊሆን ነው። ወገን ከሆነ ግን እንጀራ በሚቆረስበት ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎችን ታያለህ።

ደግሞም ተርጓሚዎች «ጉባኤ» እና «ማኅበር» የሚሉትን ቃላት አላጡም። ያው ኤክሌሲያ በሐዋርያት ሥራ 7፥38 ስለ ምድረ በዳው የእስራኤል ሕዝብ ሲነገር በአማርኛችን «ማኅበር» ሆኗል። በምዕራፍ 19 በኤፌሶን ስለ ጣዖቷ አርጤምስ ሲጮኽ የዋለው ሕዝብ ሲነሣ ደግሞ «ጉባኤ» ተብሏል። አንድ የግሪክ ቃል ሦስት ቦታ ሦስት ስም አገኘ። ይህ ማስተዋል ነው፤ በጌታ ስም የተሰበሰበውን ወገን በቲያትር ቤት ከተሰበሰበው ሁከተኛ የሚለይ ስም ተሰጠው። ግሪኩ ይህን ልዩነት በቃሉ ውስጥ አላኖረም፤ የእኛዎቹ አኖሩት።

አንድ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። በበዓለ ሃምሳ ዕለት «ክርስቲያን» የሚል ስም ገና አልነበረም። ደቀ መዛሙርቱ በመጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በአንጾኪያ እንደ ሆነ የሐዋርያት ሥራ 11፥26 ይመሰክራል፤ ይህም ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አካሄዳቸው «መንገድ» ይባል ነበር፤ ሳውል ወደ ደማስቆ ሲሄድ የሚፈልገው «በዚህ መንገድ ያሉትን» ነበር። ስለዚህ ከበዓለ ሃምሳ በፊት ተሰብስበው ስለ ነበሩት 120 ሰዎች ወይም በዚያች ዕለት ስለ ተጨመሩት 3,000 ነፍሳት «ቤተ ክርስቲያን» ስንል ዘግይቶ በመጣ ስም እንጠራቸዋለን። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ልጁ ክርስትና ከመነሣቱ በፊት ስለ ነበረው ጊዜ ስናወራም በክርስትና ስሙ እንጠራዋለን። «መንገድ» የሚለውን ቃል ግን ያስታውሱልኝ፤ ወደ ሐዋርያት ስንደርስ ያስፈልገናል።

«መሠረተ» ስለሚለው ግስ በአጭሩ። በግእዝ ሣረረ ማለት መሠረት ጣለ ነው፤ «መሠረት» የተወለደው ከዚያ ነው፤ በመነሻው ያለችው መ እና በመድረሻው ያለችው ት ባዕድ ፊደላት ናቸው። አማርኛ ባዕዶቹን ከሥሩ ጋር አብሮ ወስዶ «መሠረተ፣ ይመሠርታል» የሚል አዲስ ግስ አበጀ። ስለዚህ በሠ መጻፍ አለበት፤ «መሰረት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከሥሩ ይቆርጠዋል።

አሁን ሕንፃው። ሕንፃውን ለይተው ሲያወሩ ወንድ ማድረግ ይቻላል፤ «ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ለበሰ» ቢሉ ማንም አይወቅስዎትም። አያቴ በየማለዳው ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣና ስትመለስ «ቤተስኪያን ስሜ መጣሁ» ትለን ነበር። የሳመችውም በእርግጥ እንጨትና ድንጋይ ነበር፤ ግንባሯን ከበሩ መቃን ላይ አሳርፋ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ዳስሳ ስትሳለም አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። እንግዲህ በሕዝባችን አንደበት ቃሉ ወደ ሕንፃው ማዘንበሉን አልክድም። «ቤተ ክርስቲያን» ሲባል ዛሬ የብዙ ሰው ዓይን መጀመሪያ ጉልላት ያያል። ተቃዋሚዎቼ በዚህ በኩል ጊዜው ረድቷቸዋል። እኔ የምለው ቃሉ ሲወጠን እንዲህ አልነበረም፤ የእርስዎ ዓረፍተ ነገርም የሚናገረው ስለ ውጥኑ ነው።

ሁለተኛው የአጻጻፉ ጉዳይ ነው፤ ክርክሩን በሙሉ እንደማልረታ የተናገርኩት በዚህ ነው። «ቤተ ክርስቲያን» ሁለት ቃል ነው። ማስረጃዬ ብዙ ቁጥሩ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ሲባል የመጀመሪያው ቃል ከውስጡ ይለወጣል። ቤተ መጻሕፍት አብያተ መጻሕፍት፣ ቤተ መንግሥት አብያተ መንግሥታት እንደሚሆነው ማለት ነው። አንድ ቃል ቢሆን ኖሮ ሆዱ ውስጥ ገብተን ቤትን አብያት ልናደርግ አንችልም ነበር። ነገር ግን «ቤተሰብስ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያስቸግረኛል። እሱም ቤተ ሰብእ ነበር፤ እ ወደቀች፣ ሁለቱ ገጠሙ፣ ብዙ ቁጥሩም ቤተሰቦች ሆነ፤ ዛሬ ለይቶ የሚጽፈው የለም። የአያቴ «ቤተስኪያን»ም በዚያው መንገድ ላይ ያለ ቃል ነው፤ አንደበቷ ሁለቱን አዋሕዶ ርን አስቀርቶታል። በየከተማው ሰሌዳ፣ በየጋዜጣው ዓምድ «ቤተክርስቲያን» ተገጥሞ እየተጻፈ ነው፤ «ቤተክርስቲያኖች» የሚለውም ተበራክቷል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህ ደንብ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። እስከዚያው ግን በመካከላቸው ክፍተት አኖራለሁ፤ በዚያች ክፍተት ውስጥ ዘርፍና ባለቤቱ ይታዩኛልና።

ወደ «ሐዋርያቶች» እንለፍ፤ የበለጠ የምወደው ቃል ይህ ነው። በግሪክ አፖስቶሎስ «የተላከ» ማለት ነው። ግእዝ ቃል በቃል ሊተረጉም ቢፈልግ «ልኡክ» ነበረው። አላደረገውም። «ሖረ» ከሚለው ግስ ተነሥቶ «ሐዋርያ» አለ፤ ሖረ ማለት ሄደ ነው። በሥሩ ውስጥ የተደበቀችው ወ በ«ሐዋርያ» ብቅ ትላለች፤ ዛሬ የፕላኔቶችን መሄጃ «ምሕዋር» የምንለውም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። ስለዚህ ሐዋርያ ማለት ሂያጅ፣ መንገደኛ ነው። አሁን የማቴዎስ 28፥19ን ግእዝ ያንብቡ፤ «ሑሩ ወመሀሩ ኵሎ አሕዛበ»፤ ሂዱ፣ አሕዛብንም ሁሉ አስተምሩ። ከሙታን የተነሣው ጌታ በገሊላ ተራራ ላይ የሰጠው ትእዛዝና የትእዛዙ ተቀባዮች ስም አንድ ሥር ናቸው። «ሑሩ» ተባሉ፤ «ሐዋርያት» ሆኑ። እምነታቸውም «መንገድ» ተባለ። ይህን ግጥምጥም በግሪኩ ፈልገው አያገኙትም፤ አማርኛውም «ሂዱ» ሲል ያጣዋል። ይህን ያስተዋልኩት በወጣትነቴ ነው፤ እስካሁንም ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

«ሐዋርያ ከዓረብኛው ሐዋሪይ የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም ነጭ ለባሽ ነው» የሚሉ አሉ። የዓረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ቃሉን ከንጣት ጋር ማያያዛቸው እውነት ነው። ነገር ግን የግእዝ ወንጌል የተተረጎመው በአክሱም ዘመን፣ ቃሉ በቁርኣን ከመገኘቱ በፊት ነው። ቃሉ በግእዝ ግስ አለው፣ ወንድምና እኅት አለው፤ በዓረብኛ ግን ብቻውን ቆሞ ዘመድ ይፈለግለታል። የሴም ቋንቋ አጥኚዎችም የተሻገረው ከግእዝ ወደ ዓረብኛ ነው ይላሉ። ስለዚህ በሐመሩ ሐ ይጻፉት፤ «ሃዋርያ» ሲሆን ጉዞው ይጠፋል።

«ሐዋርያት» ብዙ ነው፤ «ኦች» ሲጨመርበት ብዙ በብዙ ላይ ይሆናል። ካህናቶች፣ ቃላቶች፣ መላእክቶች የሚሉት ሁሉ ጆሮዬን ይቆረቁሩኛል። ግን ግእዝ ራሱ ይህን አድርጓል፤ ንጉሥ ነገሥት ይሆናል፣ ነገሥትም እንደገና ነገሥታት ይሆናል፤ «ነገሥታት» ማንንም አይቆረቁርም። በዚህ ላይ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ቢሆንም በጽሑፍ «ሐዋርያት» ይበሉ፤ ያጠራል፣ ያምራልም።

የቀረው «ሚሲዮን» ነው። መነሻው የላቲን ሲሆን እሱም «መላክ» ማለት ነው፤ ስለዚህ በፍቺ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ በዘመን ነው። በአማርኛ ሚሲዮን ሲባል ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ ሰባክያን፣ ትምህርት ቤታቸውና የሕክምና ጣቢያቸው ይታወሳል። ቃሉ በዚያ ቦታው ተተክሏል፤ «ሚሲዮናዊ»ንም ከዚያ የሚነቅለው የለም። ጴጥሮስና ዮሐንስን ግን በዚያ ልብስ አያልብሷቸው። «ተልእኮ» አለን፤ ላከ፣ ልኡክ፣ መልእክት፣ መልአክ የሚወጡበት ሥር ነው። ፊደሉ አልፋው አ ነው፤ «ተልዕኮ» በየቢሮው ግድግዳ ተለጥፎ ባይ እንኳ ስሕተት ነው እላለሁ።

ያልጠየቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። በዓለ ሃምሳ 50ኛ ቀን የሚሆነው ትንሣኤ ራሱ አንድ ተብሎ ሲቆጠር ነው፤ «ከትንሣኤ በኋላ በ50ኛው ቀን» ሲሉ አንድ ቀን ይገፋል። ዓረፍተ ነገሩን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፤ «ጌታ በተነሣ፣ ከትንሣኤው ዕለት ጀምሮ ሲቆጠር በ50ኛው ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን በኢየሩሳሌም ተመሠረተች፤ ሐዋርያትም ለተልእኳቸው ወጡ።»