እህል ልትተዉ ላሰባችሁ ልጆቼ

ይህን የምጽፈው እህል በቃን ብላችሁ ለተነሳችሁ የባሕር ዳር ወጣቶች ነው። በሥነ ምግብ ሙያ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። እንደ ሰሞኑ ግን «እንጀራ ብተው ይሻለኛል ወይ?» የሚል ጥያቄ በዝቶብኝ አያውቅም። አንዳንዶቻችሁ ጂም ትሠራላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁን ቦርጭ አስቸግሯችኋል። «ፓሊዮ» የሚባለውን የጥንት ሰው አመጋገብ ሁላችሁም በስልካችሁ አይታችኋል። ስለሚበላው የሚጠይቅ ወጣት ደስ ስለሚለኝ በቁም ነገር ልመልስላችሁ።

ሐሳቡ ይህ ነው። የሰው ልጅ እጅግ ረጅም ዘመን እያደነ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ ሥራሥርና ፍሬ እየለቀመ ኖረ። እርሻ የመጣው የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ነው። ሰውነታችን ገና አልለመደውምና እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና ስኳር ይቅር ይላሉ። በሕክምናው ዓለም መነጋገሪያ ያደረጉት ቦይድ ኢተንና ሜልቪን ኮነር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ ጽሑፋቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው።

ይህን የሞከሩ ሰዎች ክብደት ይቀንሳሉ፤ አልክድም። በስዊድን 70 ያረጡና ውፍረት ያለባቸው ሴቶች ለሁለት ዓመት ተጠንተው ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ግማሾቹ ፓሊዮ በሉ፤ ግማሾቹ እህል ያለበትን የተለመደውን የአገሩን የጤና ምክር ተከተሉ። በስድስተኛው ወር ፓሊዮ የበሉት የበለጠ ስብ ቀንሰው ተገኙ። ሁለት ዓመት ሲሞላ በስብ በኩል የነበረው ልዩነት ጠፋ። በደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት ግን በፓሊዮዎቹ ዝቅ እንዳለ ቆየ። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጥቅሙ ከየት መጣ? እኔ ከገበታው ላይ የተነሳውን ነው የማየው። አንድ ልጅ እንጀራ ሊተው እንደሆነ ሲነግረኝ የአንድ ቀን ምግቡን ጽፎ እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት። ጠዋት ቦምቦሊኖና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ። ምሳ ፓስታ በዳቦ። ከሰዓት ለስላሳና ብስኩት። ማታ እቤቱ እንጀራ በሽሮ። ወረቀቱን መልሼ ሰጠሁትና የትኛውን ልትተው ነው አልኩት። ጣቱን የማታው ላይ አሳረፈ! ከቀኑ ምግብ ሁሉ ፋይበሩም፣ ጥሩው ፕሮቲንም፣ ብረቱም በብዛት ያለው እዚያ ነው። የቀረው የፉርኖ ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ነው። ፓሊዮ ቢጀምር በእርግጥ ይቀንሳል፤ ቦምቦሊኖውና ለስላሳው አብረው ይሄዳሉና። ምስጋናውን ግን እንጀራ በመተው ላይ ይደርበዋል።

ስንዴ ላይ የሚነገረውን ሁሉ ወደ ጤፍ አታምጡት። ጤፍ ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የለውም። እህል ማዕድን ይዞ ሰውነት እንዳይጠቀምበት የሚያደርግ ፋይቴት የሚባል ነገር አለው መባሉ እውነት ነው። ግን እናቶቻችሁ የሚያደርጉትን ተመልከቱ። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ይነፋል፤ ከላይ ቢጫው ውሃ ይጠልላል። እርሾው ሥራውን ሲሠራ ፋይቴቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ትቶ «እህል» በሚል አንድ ስም መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም።

ዳጉሳ ላይ ደግሞ ቁጭት አለብኝ። የጠላና የአረቄ እህል አድርገን ንቀነዋል። 100 ግራም ዳጉሳ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለው፤ ከእህል ዘር በዚህ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ፓሊዮ የሚበሉ ሰዎች ወተት ስለሚተዉ በብዛት የሚጎድላቸውም ይኸው ካልሲየም ነው። ከደርግ ዘመን ወዲህ የመጣው የፎገራ ሩዝ እንጀራውን ያነጣዋል እንጂ በብረትም በካልሲየምም ከጤፍ በጣም ያንሳል። ንጣቱን አይታችሁ አትምረጡ።

የጥንቱ ሰው ነገርም እንደሚወራው አይደለም። በገሊላ ባሕር ዳር ኦሃሎ በተባለ ቦታ የዛሬ 23,000 ዓመት ገደማ የኖሩ ሰዎች የዱር ገብስ ይፈጩ ነበር። ሰውነታችንም ባለበት አልቆመም። በምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘንድ አዋቂ ሰው ወተት እንዲስማማው ያደረገው የዘር ለውጥ የተስፋፋው በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ነው። በፓሊዮ ሳህን ላይ የማይጠፋው አቮካዶ ደግሞ እንደ በርበሬና ቲማቲሙ ሁሉ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ የጥንት አያቶቻችን አያውቁትም ነበር።

የጣና ዳርን የአዳኝ ማዕድ የምትፈልጉ ከሆነ የወይጦን ማኅበረሰብ ታሪክ እወቁ። በደንገል ታንኳ ዓሣ እያጠመዱ፣ ጉማሬ እያደኑ ኖረዋል። ጎረቤት ግን በዚሁ ምግባቸው ሲጸየፋቸው፣ አብሯቸው ከመብላት ሲሸሽ ኖሯል። ዛሬ የአዳኝን ምግብ የምታወድሱ ልጆች ይህን ሳታውቁ እንድታልፉ አልፈልግም።

ጾሙንም አስቡት። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የለም። በዚያ ላይ እህልና ጥራጥሬ ካነሳችሁ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ ሁሉ ሄደ፤ ኦቾሎኒ ሳይቀር ይከለከላል። ጎመን፣ ድንችና አቮካዶ ብቻ በልቶ ጡንቻ መገንባት ዘበት ነው። እንጀራ በሽሮ ስትበሉ ከጤፉ የሚያንሰውን ላይሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል ሽሮው ይሞላዋል። የማትጾሙም ብትሆኑ የሥጋን ዋጋ እኔ አልነግራችሁም።

ጣና እያለ ትሉኝ ይሆናል። ቀረሶ ብሉ፤ ጥብሱም ለብለቡም ጥሩ ነው። ግን ነጭ ዓሣው በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሽቅብ እየወጣ ነው የሚራባው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ እየተዘረጋ ሲጠበቅ ቁጥሩ ክፉኛ ወርዷል። እምቦጩ ሲጨመርበት ሐይቁ ይህን ሁሉ ከተማ በዓሣ ብቻ ይመግባል ማለት አይቻልም።

እኔ የምላችሁ እንዲህ ነው። ስኳሩንና ለስላሳውን ዛሬውኑ ተዉ። ፓስታና ዳቦ አንድ ማዕድ ላይ አይገናኙ። ሁለት እንጀራ ከነበረ አንድ ይሁንና ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ምስሩ ይብዛ። ጤፉ ውስጥ ዳጉሳ ይግባበት። ሦስት ወር እንዲህ ብሉና ወገባችሁን ለኩ።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ግን እህል ከማቆማቸው በፊት ሐኪም ጋ ይሂዱ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ የስኳር ሕመምተኞች እህል በአንዴ ብታቆሙ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ መጀመሪያ የመድኃኒቱ መጠን ይስተካከል። ስንዴ ወይም ገብስ ስትበሉ ሆዳችሁ የሚነፋ፣ የሚያስቀምጣችሁ፣ ደም ማነስ አልለቅ ያላችሁ ደግሞ ግሉተን የማይስማማው ሴሊያክ የሚባል ሕመም ሊኖርባችሁ ይችላል። የደም ምርመራው የሚደረገው ስንዴ እየበላችሁ ሳለ ነው፤ ቀድማችሁ ካቆማችሁ ሕመሙ እያለ የለም ሊል ይችላል። ቢገኝባችሁም ጤፍ አይከለከልም። እንጀራ ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ግን ስንዴ ወይም ገብስ እንዳልተቀላቀለበት ጋጋሪዋን አጥብቃችሁ ጠይቁ።